ጠማቂዋ ያልቀመሰችው ጠላ

አሥር ዓመት ሙሉ ይመኙሽን ስረግም ኖሬአለሁ። ጠላ ቤቷ ከፒያሳ ወረድ ብሎ፣ ጣሊያን ጥሎት በሄደው የቆርቆሮ ቤት ነበር። ባሌ አላምረው እዚያ በእግሩ ገብቶ በሰው ትከሻ ይወጣል። ጥፋቱ የራሱ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ባሌን ስለምፈራ እሷን ረገምኩ። ጠላዋ በከንፈሬ እንዳያልፍም ማልኩ።

በጎንደር እንደ ይመኙሽ የሚጠምቅ አልነበረም። ሠርግ ያለበትም ተዝካር ያለበትም እሷን ይጠራል። ባሏ በጦርነቱ ሞቶባት የምታድረው በዚሁ በእጇ ነው። ጠማቂ ደግሞ ሳይቀምስ አይጠምቅም። ከየጋኑ ዛሬ አንድ ጉንጭ፣ ነገ አንድ ጣሳ ስትል ቆይታ፣ አንድ ቀን ለተዝካር ከጠመቀችው ጠላ ጠጥታ ጋኑ ሥር ተዘርራ ተገኘች። ከተማው ሳቀ፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ ሳቅሁ።

በዚያ ዘመን የነፍስ አባታችን አባ ተክለ ጊዮርጊስ አንድ ማኅበር አቋቁመው ነበር። መጠጥ ያሸነፋቸው ሰዎች በየወሩ በአቡዬ ቀን ከደብሩ ቅጽር ይሰበሰባሉ። ጽዋቸው ያልፈላ ብርዝ ነው። ጽዋው የደረሰው ሁሉ ወሩን እንዴት እንዳለፈው ሳይዋሽ ይናገራል። የወደቀም ካለ “ወደቅሁ” ይላል፤ ማንም አይስቅበትም። ከተማው ግን “የደረቆች ማኅበር” እያለ ያላግጥባቸዋል። አላምረውን እየጎተትኩ የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ብርዙን የምበጠብጠውም እኔው ነበርኩ። እሱ በገባ በስምንተኛው ወር ይመኙሽ በርጩማዋን ተሸክማ መጣች።

“ምነው አባ!” ብዬ ጮኽኩ። “ሰዎቹን ያሰከረቻቸው እሷ አይደለችም?”

በርጩማዋን መካከል ላይ አስቀምጣ ቁጭ አለች።

“አዎ፣ ያሰከርኳቸው እኔ ነኝ” አለች። “እኔንስ ማን አሰከረሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ? አባ፣ ጽዋውን ይስጡኝ።”

ሰጧት። ከዚያም መስቀል አሳልመው፣ ከእንግዲህ ጠብታ እንዳትቀምስ ገዘቷት።

ጠመቃውን ግን አልተወችም። “ምን ልብላ ታዲያ?” አለችኝ፣ ምነው ብላት። ጆሮዋን ጋኑ ላይ ለጥፋ ታዳምጣለች። “ሲንጫጫ ገና ነው፤ ሲያንሾካሹክ ደርሷል” ትላለች። የቀረውን በአፍንጫዋ ትጨርሰዋለች። ጠላዋ ከድሮው ቢሻል እንጂ አልከፋም ይሉ ነበር። በየወሩ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስትናገር ስሰማት ቂሜ እየሟሟ ሄደ፤ እንዳታውቅብኝ ግን ፊቴን አጠቁርባት ነበር።

በአርባ አምስት ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ ጎረቤታችን ቀኛዝማች ዳኛው ልጃቸውን ዳሩ። ጠላው የይመኙሽ ነው። ቀጂዋ እንደ ወጉ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ልትቀምስ ስትል፣ ዋኘው የሚሉት ከሙሽራው ወገን የመጣ ሰው ተነሣ።

“ጠማቂዋ ትቅመስ” አለ። “መቅመስ ትታለች አሉ። የማትቀምሰው ምን ጨምራበት ነው?”

ዳሱ ማንሾካሾክ ጀመረ። በልጃቸው ሠርግ መርዝ የሚል ወሬ ሲነሣ የቀኛዝማች ፊት ተለዋወጠ። “ይመኙሽ፣ ቅመሽና ይብቃ” አሉ።

“ተገዝቻለሁ ጌታዬ።”

“ጠብታ ለማትሞላ! ካልቀመስሽ ጠላሽ ይደፋል። በዚህ ከተማም ሁለተኛ የሚያስጠምቅሽ አታገኝም።”

ይኼኔ አላምረው ከአጠገቤ ተነሣ። “እኔ ልቅመስላት” ብሎ ዋንጫውን ከቀጂዋ እጅ ወሰደ።

ሃያ ወር ሙሉ ጠብታ አልቀመሰም ነበር። ሊያድናት ብሎ ነው፤ ልቡ ሸጋ ነው። ያ ዋንጫ ከከንፈሩ ከደረሰ ግን እኔና ልጆቼ ወደ ድሮው ኑሯችን እንደምንመለስ አውቄአለሁ። ልነጥቀው እጄን ዘረጋሁ።

ይመኙሽ ቀደመችኝ። ዋንጫውን በእጇ ጀርባ መታችው፤ ጠላው በቀኛዝማች ኩታ ላይ ተረጨ።

“አያ አላምረው፣ በእኔ የተነሣ እንዳትጠጣ!” አለችው። ከዚያ ወደ ዳሱ ዞረች። “አዎ፣ መርዝ ነው! ለእኔ መርዝ ነው፣ ለእሱም መርዝ ነው። ለእናንተ ግን ገብስና ጌሾ ነው፤ ጠጡት። አንተም ዋኘው፣ ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው፤ ከጠረጠርክ ውኃ ጠጣ። መድፋትም ካሻችሁ ድፉት። ጠላው የእናንተ ነው፤ ጉሮሮዬ ግን የእኔ ነው!”

ቀኛዝማች ጋኖቹን እንዲያወጧቸው ለአሽከሮቻቸው ምልክት ሰጡ። ብድግ አልኩ።

“ቆዩ” አልኩ። “እኔ እናኑ፣ የአላምረው ሚስት፣ እቀምሰዋለሁ። ከእኔ የባሰ ጠላት እንደሌላት ይኼ ከተማ ያውቃል።”

የእሷ ቃል የነፍስ ነው፤ የእኔ መሐላ ግን የቂም ነበርና ቢፈርስ አባም አይቆጡኝ። ዋንጫውን አስሞላሁና እንግዳው ሁሉ እያየኝ ጨልጬ ገለበጥኩት። ይመኙሽ ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም፤ እንባዋ ይወርዳል።

እግዜር ይየኝ፣ ጠላው ሸጋ ነበር። ባሌን አሥር ዓመት ያመላለሰው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ቀጂዋ ልትደግመኝ ስትመጣ ዋንጫዬን በእጄ ከደንኩት።