ሠላሳ ሰባትና አርባ ቁጥር ጫማ

ጫማ ሰፊውን ሠፈሩ «ልኬ» እያለ ነው የሚጠራው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት እህቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ሰው ሲያገኝ ፊቱን ሳይሆን እግሩን ነው ቀድሞ የሚያየው፤ ሰላምታውን መልሶ ሳይጨርስ ዓይኑ ወርዶ ለክቶ ይመለሳል። «ቀኝህ ከግራህ በለጥ ይላል፣ ታውቃለህ?» ይላል። ሰውየው «ኧረ አላውቅም» ይላል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ዕድሜ ልኩን ያውቃል።

ድሮ እንደማንኛውም ሰፊ ጥንድ ጥንዱን ይሰፋ ነበር። የፋብሪካ ጫማ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ግን ደንበኞቹ አንድ በአንድ ከዱት፤ በመጨረሻ የቀሩት ፋብሪካው ሊያስተናግዳቸው ያልቻለ፣ ሁለት እግራቸው እኩል ያልሆነ ሰዎች ነበሩ። ልኬም «እግዜር በሩን ሲዘጋ መስኮቱን ረሳው» ብሎ እነሱን ያዘ። ለእያንዳንዱ ሰው የቀኝና የግራ ፎርማ ከእንጨት ይቀርጻል፣ ቆዳውን በዚያ ላይ ወጥሮ ይሰፋል።

የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ጋር ነው። እህቱ ሠላሳ ዓመት ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ቁጭ ብላ የካሳ ማመልከቻ ስትመረምር ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ወረቀት የማታምን፣ ያለ ወረቀት ደግሞ ጭራሽ የማታምን ሴት ናት። «ይህቺ ሴትዮ ለሰው አታዝንም» ሲሏት «አዝናለሁ እንጂ! ማስረጃ ይዞ ለመጣ» ትላለች። ወንድሟ ከሠፈሩ ደንበኛ ብቻ ጋር ሲፍጨረጨር አይታ «እግሩ የሚበላለጠው የዚህ ሠፈር ሰው ብቻ ነው እንዴ?» አለችና ስልኳ ላይ የሽያጭ ገጽ ከፈተችለት። ሰው እግሩን ወረቀት ላይ አሳርፎ ዙሪያውን በእርሳስ ያሰምርና አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጦ ፎቶውን ይልካል፤ ልኬ ይሰፋል፤ ፖስታ ቤት ያደርሳል። ሁለት ዓመት እንዲሁ ያለ እንከን ሄደ።

ታዲያ አንድ ቀን አንዲት የሒሳብ መምህርት ደወለች። ልጅ ሳለች ታማ ግራ እግሯ ሳያድግ ቀርቷል።

«ጋሽ ልኬ» አለችው፣ «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጫማ ስገዛ ሁለት ጥንድ ነው የምገዛው። አንዱን ሠላሳ ሰባት፣ አንዱን አርባ። ከየጥንዱ አንድ አንድ አደርግና የቀረውን አልጋ ሥር እወረውራለሁ። አልጋዬ ሥር ስንት ጫማ እንዳለ ቢያዩ ይደነግጣሉ።»

«አሁንስ ምን ዓይነት ይሁንልዎት?»

«ቀይ። ሠላሳ አምስት ዓመት በጥቁር ጫማ አስተማርኩ። ጡረታ ስወጣ ተማሪዎቼ ሊሸኙኝ ነው፤ በቀይ ልውጣ።»

ልኬ ደስ ብሎት ሰፋው። ታኮው ዝቅ ያለ፣ ገበሩ ለስላሳ፣ አፍንጫው ላይ ስስ ስፌት ያለበት ጫማ ወጣ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ እናትና ልጅ ይመስላሉ። ካርቶን ውስጥ ከቶ፣ በሲባጎ አስሮ፣ አድራሻዋን ላዩ ላይ ለጥፎ ላከውና ደረሰኙን ለእህቱ ሰጣት።

ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ በአራት ቀን ይደርሳል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን መልእክት መጣ። «ጋሽ ልኬ፣ እንዳልጨቀጭቅዎት ብዬ ዝም ብዬ ነበር። ጫማው አልደረሰኝም፤ ፖስታ ቤት ብሄድም መልሰውኛል። ሽኝቱ ዘጠኝ ቀን ቀረው።»

ልኬ ጫማው አለመድረሱን ለእህቱ ነገራት። እሷ ግን መነጽሯን አድርጋ ደረሰኙን አወጣች።

«ይኸው። ቀን አለው፣ ማኅተም አለው። ከእጅህ ወጥቶ ፖስታ ቤት እጅ ገብቷል። ከዚህ ወዲያ ያለው የእሷና የፖስታ ቤቱ ጉዳይ ነው።»

«እትዬ፣ ሴትዮዋ እኮ ፖስታ ቤት ሄዳ ነበር። ‹እኛ የምናውቀው ላኪውን ነው፤ እሱ ያመልክት› ብለው መለሷት።»

እህቱ ከደረሰኙ ላይ ቀና አለች። «እንዲህ አሏት?»

«አዎ።»

«እሱስ እውነታቸውን ነው» አለች ሳትወድ በግዷ።

«ታዲያ! ፖስታ ቤቱን የመረጥኩት እኔ፣ ካርቶኑን ያሰርኩት እኔ፣ የፈረምኩት እኔ። እሷ ምን አደረገች? ከፍላ ጠበቀች። አሁን ደረሰኝ አለኝ ልበላት? ደረሰኝ እግር ላይ አይደረግ!»

«እና ያለ ጥፋትህ ልትከፍል ነው?»

«ጥፋቱ የማን እንደሆነ በኋላ እንደርስበታለን። ጫማው ግን እግሯ እስኪገባበት ድረስ የእኔ ነው።»

እህቱ የወንድሟን ፊት አይታ ተወችው።

ልኬ ደወለ። «መምህርት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነገሩ እኔን ነው የሚመለከተው። ከፈለጉ ገንዘብዎን ዛሬውኑ እመልሳለሁ፤ ከፈለጉ ሌላ እሰፋለሁ።»

«ገንዘቡን ምን ላድርገው፣ ልጫማው?» አለች እየሳቀች። «ይስፉልኝ እንጂ።»

ፎርማዎቹ መደርደሪያ ላይ ስለነበሩ ሥራው ወዲያው ተጀመረ። ቀዩ ቆዳ ግን አልቋል፤ ገበያውን ዞሮ ያገኘው ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ነው። እሱን ቆረጠና ቀንም ማታም ወስፌውን ሳይጥል ይሰፋ ጀመር።

እህቱ በበኩሏ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። ወንድሟ ኃላፊነቱን እኔ ነኝ የምወስደው ካለ ዘንዳ፣ ፖስታ ቤቱም የድርሻውን ይውሰድ ብላ ተነሣች። መስኮቱ ላይ ያለችው ወጣት ሠራተኛ የመጥፋት ማመልከቻ ቅጽ ሰጥታ እንዴት እንደሚሞላ ልታስረዳት ስትጀምር «ተዪው የኔ ልጅ፣ አንቺ ሳትወለጂ ነው ይህን መሙላት የጀመርኩት» አለቻት። ቅጹን አንብባ ሁለት የፊደል ግድፈት አርማ፣ ሞልታ ሰጠች። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ፤ ዕቃው ወደ ፖስታ ቤቱ ዋና የዕቃ መለያ ጣቢያ ሲገባ ተመዝግቧል፣ ሲወጣ ግን አልተመዘገበም።

«እዚያው ነው ያለው» አለች እህቱ። «ዕቃ አይተንም። ሂድና አምጣው።»

ልኬ የጣቢያው ዕቃ ክፍል የደረሰው ሽኝቱ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ክፍሉ እስከ ጣሪያ በመደርደሪያ የተሞላ፣ ካርቶን ካርቶን የሚሸት ነው። ኃላፊው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ዓይነት ሰው ነበር።

«የምን ዕቃ ነበር?»

«ቀይ የሴት ጫማ።»

«የሴት ጫማ... የለም።» ትንሽ አሰበ። «አንድ ነበር፣ ግን እሱ የርስዎ አይሆንም። ላኪው ተሳስቶ የሁለት ሰው ዕቃ ያቀላቀለበት ነው።»

ልኬ ቶሎ ብሎ ጠጋ አለ። «እስቲ ልየው።»

ሰውየው መሰላል ላይ ወጥቶ ካርቶኑን አወረደ። ዝናብ መትቶት አድራሻው ታጥቧል፤ የቀረው አንድ የቁጥር ጭራ ብቻ ነው። ክዳኑ ላይ በጥሩ እጅ ጽሕፈት እንዲህ ተጽፏል፦ «አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። የተቀላቀለ። ሌላኛው ጥንድ እስኪመጣ ይቆይ።»

ልኬ አነበበው። ደገመው። ከዚያ እዚያው ሌላ ካርቶን ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ምነው ጋሼ? ምን ሆኑ?»

«ሌላኛው ጥንድ እኮ የለም ወንድሜ! እስከ ዓለም ፍጻሜ ብትጠብቀው አይመጣም። ሁለቱም የአንዲት ሴት ናቸው።»

ነገሩን ሲያስረዳው ኃላፊው መጀመሪያ አፈረ፣ ቀጥሎ ግን ሳቁ ከልኬም ባሰ። «ስንት ቀን ሙሉ እኮ ያንን ሰፊ ስረግመው ነበር» አለ። «‹ግራና ቀኝ የማይለይ!› እያልኩ። ግን ጋሼ፣ ካርቶኑ ውስጥ አንድ ብጣሽ ወረቀት ጽፈው ቢያስቀምጡ ምን ነበረበት?»

ይህ ልኬን ነካው። እውነት ነው፤ አድራሻውን ላዩ ላይ ከመለጠፍ በቀር ውስጡ አንዲት ቃል አልጻፈም፤ የለጠፈውንም ከዝናብ የሚከልል ነገር አላለበሰውም።

«ከጥፋቱ እኔም ድርሻ አለኝ» አለ።

«የእኛም አለበት። ዛሬውኑ በአስቸኳይ እልክልዎታለሁ።»

«የለም፣ አመሰግናለሁ» አለ ልኬ ካርቶኑን ብብቱ ሥር አጥብቆ ይዞ። «ይኼን እንኳ ራሴ ይዤው ልሂድ።»

ፈርሞ ተረከበ፤ አውቶቡስ ያዘ፤ በማግሥቱ ረፋድ ላይ የመምህርቷን በር አንኳኳ። አጠር ያለች፣ ዓይኗ የሚስቅ ሴት ናት። እንግዳው ማን እንደሆነ ያወቀችው ከፊቷ በፊት እግሯን ሲያይ ነው። ጉልበቱን መሬት ላይ አድርጎ ራሱ አጠለቀላት። መምህርቷ ተነሥታ ኮሪደሩን እስከ ጫፍ ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች። በአራተኛው ምልልስ ቆመችና «አይንሸራተትም» አለች። «እስከ ዛሬ አንዱ ውስጥ ጥጥ እጠቀጥቅ ነበር።»

«በምትኩ የጀመርኩት ወይን ጠጁስ? ተጋምሷል እኮ» አላት ልኬ። «ለእርስዎ ካልሆነ ለማንም አይሆንም።»

«ይጨርሱትና ይላኩት፣ እገዛዋለሁ። ሁለት ጥንድ ገዝቼ አራቱንም ሳደርግ ይኼ መጀመሪያዬ ነው!»

ሽኝቴን ሳያዩ አልለቅዎትም ስላለችው በማግሥቱ ሽኝቱ ላይ ተገኘ። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ በአሮጌና በአዲስ ተማሪ ጢም ብሏል። መምህርቷ መድረኩ ላይ ስትወጣ ሰው ሁሉ ፊቷን እያየ አጨበጨበ፤ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው ልኬ ግን ደረጃውን የሚረግጡትን እግሮቿን እያየ ነበር። አንዴም አልተደናቀፈች። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

ቤቱ ሲመለስ እህቱ ገጹ ላይ ስለሚጻፈው ቃል ተዘጋጅታ ጠበቀችው። እሷ ስምንት አንቀጽ ጽፋለች፤ እሱ አንድ መስመር ነው የፈለገው። ሲከራከሩ ውለው በሦስት መስመር ታረቁ፦ ዕቃው ገዢው እጅ እስኪደርስ ኃላፊነቱ የሻጩ ነው፤ በአሥር ቀን ካልደረሰ ይንገሩን፤ ሌላ እንሰፋለን ወይም ገንዘብዎን እንመልሳለን። አድራሻውም አሁን ሁለት ቦታ ይጻፋል፤ ላዩ ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ ውስጡ ደግሞ በካርድ። ካርዱ ላይ «ስሕተት አይደለም፤ ሁለቱም የአንድ ሰው ናቸው» የሚል ተጨምሮበታል።

ከዚያ ወዲህ የአንድ ደንበኛ ጥንድ ብቻ ጠፍቷል፤ እሱም ተፈልጎ አልተገኘም። የዚያን ዕለት ልኬ ስልኩን እያየ ሲተክዝ እህቱ ከጓዳ ወጥታ አየችው።

«ምን ተክዘህ ትቀመጣለህ?» አለችው። «ሰውየው በባዶ እግሩ ይጠብቅህ? ተነሥና ቆዳህን ቁረጥ፤ ማመልከቻውን እኔ ሞልቻለሁ።»