ሦስት ደቂቃ ለስልሳ ኩንታል ኑግ

በ1955 ዓ.ም. ጥር ወር፣ አንድ የገበያ ቀን፣ ማናለብሽ ዳንግላ ስልክ ቤት ደጃፍ ላይ ትንቆራጠጥ ነበር። ባሏ ሲሞት የተወላትን ሁለት የጭነት በቅሎ ሽጣ ስልሳ ኩንታል ኑግ ገዝታለች። ኑጉን ተቀብለው ወደ ባሕር ማዶ የሚልኩት አዲስ አበባ ያሉት አቶ አስማረ ናቸው። የጭነት መኪናቸው ገበያው ዳር ቆሟል፤ ዋጋ የሚቆርጡት ግን ራሳቸው በስልክ ስለሆነ፣ እሳቸው «ይጫን» ካላሉ ሹፌሩ አንድ ጆንያ አያነሳም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ባዶውን ይመለሳል። እሷስ ያለ በቅሎ ኑጉን የት ታደርሰዋለች?

«ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ሦስት ደቂቃ ነው፣ እትዬ። ወረፋውን እያዩት ነው» አላት ስልከኛው ዓለምነው።

ተራዋ ደርሶ የሽማግሌው የአቶ አስማረ ድምፅ ሲሰማት ነጠላዋን አስተካክላ እጅ ነሳች፤ እሳቸው የሚያዩዋት ይመስል።

«እንደምን አደሩ፣ አባቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆቹስ? ከብቱስ? ያ የታመመው አማችሽ ሻረ ወይ?»

የሰው ደኅንነት ሳይጠይቅ ስለ እህል የሚያወራ ጎጃሜ ከየት ይመጣል? ትልቅ ሰው ሲጠይቅ ማቋረጥማ ነውር ነው። አማቿ መሻሩን፣ ላሟ መውለዷን፣ ታቦቱ በሰላም መግባቱን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። «እኔ እንኳ የደወልኩት...» ስትል መስመሩ ጭጭ አለ።

ክው አለች። ከዘጠኝ ሰው ኋላ እንደገና ተሰለፈች። ከገበያው በኩል የመኪናው ጡሩምባ ሲጮህ ወደዚያ ዞር ትላለች፣ ከፊቷ ያለው ሰው ሲስቅ በጥፊ ልታልሰው ያምራታል። ተራዋ የደረሰው ለስድስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ላይ ነው።

«ማናለብሽ ልጄ፣ ቅድም ሳልነግርሽ ተቋረጠ፤ እኔም ቤት...»

«ስልሳ ኩንታል ኑግ! ንጹሕ ነው! ዋጋዎን ይንገሩኝ!»

ሽማግሌው የጀመሩትን ተዉት። ከዚያ ዋጋውን ተናገሩ። ተስማማች። «ስልከኛው ‹ይጫን› ብሎ ይጻፍልሽና ወረቀቱን ለሹፌሩ ስጪው» ብለው ዘጉት።

ኑጉ ተጫነ። በዓመቱ መቶ ኩንታል ሆነ፣ ቀጥሎ ሦስት መቶ፤ ራቅ ያለው የአዘና አገር ገበሬ ሳይቀር ኑጉን ለእሷ ማምጣት ጀመረ። ከአቶ አስማረ ጋር በየሳምንቱ በስልክ ይገናኛሉ፦ ስንት ኩንታል፣ በስንት፣ ይጫን። ቤታቸው ምን ደርሶ እንደነበር ግን ደግመው አላነሱትም፤ እሷም ለመጠየቅ አፈረች። ስለ ልጆቿም ጠይቀዋት አያውቁም።

«ሁለት ደቂቃ ይቀርዎታል እኮ፣ እትዬ» ይላታል ዓለምነው፣ ንግግሩ በአንድ ደቂቃ ሲያልቅ።

ማናለብሽ እጀታውን ከጆሮዋ ሳታነሳ ትንሽ ትቆያለች። ከወዲያ በኩል ግን ማንም የለም።