ነቅቼ ልስማው አልኩ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ሳልመሰክር ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጌታ ይባረክ! እልልታውን ግን ዋጥ አድርጉት፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ጎረቤታችን ነው፣ ጸሎት ላይ መሆናችንን ከሰማ ያሳስረናል።

የመጣሁት ከመካነ ብርሃን ነው። ሰባት ዓመት በትዳር ኖሬ አልወለድኩም። አማቴ "መካን ናት፣ ፍታት" ትላለች። ባሌ አያሌው በመጨረሻ "ጎንደር ሐኪም ይይሽና ይለይልን" አለኝ። በእምብርቴ ሥር ትንሽ ቀዳዳ አበጅተው፣ ጫፉ ላይ መነጽር ያለው ቀጭን ዘንግ አስገብተው ማህፀኔን ሊያዩ ነው።

ሐኪሙ ማንን ቢጠይቅ ጥሩ ነው? አያሌውን! "ሙሉ በሙሉ ትተኛ ወይስ ቦታውን ብቻ እናደንዝዘው?" ሆዱ የኔ፣ ጥያቄው ለሱ! አያሌውም "ትተኛ፤ ውጤቱን ለኔ ይነግሩኛል" አለ። እኔ እዚያው ቆሜ! አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በማግስቱ ጠዋት ማደንዘዣ የምትሰጠው ሲስተር ሙሉ መጣች። "እህል ውሃ ቀምሰሻል?"

"ኧረ አልቀመስኩም።"

"ጠበልስ?"

"እሱንማ አንድ ጣሳ ጠጥቻለሁ፤ አማቴ በጀሪካን አስይዛኛለች።" ጠበል ጾም አይፈታ፣ ምኑን ልቁጠረው!

"እህቴ፣ ተኝተሽ ቢያስመልስሽ ሳንባሽ ገብቶ ይገድልሻል" አለችኝ። ሐኪሙ "ወረፋዬን አበላሻችሁ!" ብሎ ጮኸባት። እሷ "ዛሬ ማደንዘዣ አልሰጣትም" ብላ ንቅንቅ አላለችም። ክብር ለጌታ!

ከዚያ አጠገቤ ቁጭ ብላ ሁሉንም ዓይነት ማደንዘዣ አስረዳችኝ። "አንቺስ የቱ ይሻልሻል?" አለችኝ። ወገኖቼ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ አለቀስኩ። "ነቅቼ ልስማው፤ ቢያመኝም እችለዋለሁ" አልኳት። በማግስቱ ቦታውን ብቻ አደነዘዘችልኝ፤ እጄን ይዛ በለሆሳስ ጸለየች። አመመኝ፣ አልዋሽም። ሐኪሙ ግን "የማህፀን ቱቦዎቿ ክፍት ናቸው፤ ምንም የለባትም" ሲል በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። ስሙ ይባረክ!

አያሌውን "አንተም ተመርመር" ቢሉት "ምነው! እኔ ወንድ አይደለሁም?" ብሎ ተነሣ። አገር ቤት ገብቶ "ሐኪሙም መካን ናት አለ" ብሎ አወራ። ሐሰተኛ! ፈታኝም። እኔ ግን ወደ ሲስተር ሙሉ ተመልሼ "ምነው እንዲያ ተሟገትሽልኝ?" አልኳት። ኢየሱስን ነገረችኝ፤ ተቀበልኩት።

ልጅ አልወለድኩም፣ የሌለ ተአምር አልመሰክርም። ነገር ግን ጌታ አንገቴን ቀና አድርጎልኛል፣ ተመስገን! አንቺ መካን የሚሉሽ እህቴ፣ እሱን ታመኚ፤ እኔን ያየ አንቺንም ያያል። እናንተ ወንድሞች ደግሞ ሚስቶቻችሁን ከማማረራችሁ በፊት ሂዱና ተመርመሩ! ምን አቀረቀራችሁ? አሜን በሉ እንጂ!