ኪቲዮኔ ያልጻፈው ድምፅ

የፊት ለፊቱ በር ሲንሲጠጥ ኪቲዮኔ የሻይ ኩባያውን ያነሳና አንገቱን ደፍቶ በጓሮ በር ይወጣል። ማንም አልገባም፤ ነፋስ ነው። በእኛ መንደር፣ በደሴታችን ቫቫኡ፣ አመሻሽ ላይ ከባሕር የሚነሳው ነፋስ የላላውን በር ሁሉ ያንቀሳቅሳል። እሱ ግን የዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ቆሞ ሻዩን ይጠጣል፣ ከዚያ ይመለሳል። እናቱ ሉሴአኔ ለምን ወጣህ ብላ አትጠይቀውም። እኅት ስትገባ ወንድም ተነስቶ ይወጣል፤ ይህ በእኛ ዘንድ ሕፃን እንኳ የሚያውቀው ነገር ነው። እኅቱ ሜሊያሜ ግን ከሞተች ዓመታት አልፈዋል።

ገና ልጅ ሳለ ቤተ ክርስቲያን የሰማውን መዝሙር፣ ኮኮናት በሚደርቅበት ዳስ ግድግዳ ላይ በከሰል ይጽፍ ነበር። እኛ ዜማ የምንጽፈው በቁጥር ነው፤ እሱም አራቱን ድምፅ በአራት መስመር ቁጥር ይደረድራቸዋል። የመዘምራኑ መሪ ሽማግሌው ኦፊሳ አንድ ቀን ግድግዳውን አይቶ ቆመ።

«ከየት ገለበጥከው?»

«ከእርስዎ አፍ።»

«እኔኮ አንዱን ድምፅ ብቻ ነው የዘመርኩት።»

«ሌሎቹማ አብረውት መጡ» አለ ልጁ፣ ሽማግሌው የጠየቀው ነገር ግራ እየገባው።

ያ ተሰጥኦ ግን ሰላም አልሰጠውም። አስተማሪ ዜማ ሲያበላሽ ጆሮውን ይዞ ይጮህ ነበር፤ ከትምህርት ቤት አባረሩት። ጎረምሳ ሲሆን ደግሞ ከማንም ጋር ይደባደባል፣ የሰው ጀልባ ወስዶ ሌላ ደሴት ላይ ጥሎት ይመጣል። ቤት ሲመለስ ደሙን የሚጠርግበት ጨርቅ በር ላይ ተሰቅሎ ይጠብቀዋል። ሜሊያሜ ናት የምትሰቅለው፤ ትሰቅልና ፊቱን ሳታይ ትሄዳለች።

ከዚያ ለአንዲት ልጅ የፍቅር ዘፈን ደረሰ። ካቫ የሚባለውን የሥር መጠጥ አብረውት የሚጠጡ ጓደኞቹ ዘፈኑት፣ በስልክ ቀድተው ለራዲዮ ጣቢያው ላኩት። አንድ ከሰዓት በኋላ ኪቲዮኔ ብቻውን ቤት ተቀምጦ ሳለ ዘፈኑ በራዲዮ መጣ። በዚያው ቅጽበት ሜሊያሜ ቅርጫቷን ልትወስድ ገባች። ወንድምና እኅት ባሉበት የፍቅር ዘፈን ሲመጣ ወንድም ራዲዮውን ይዘጋል፤ ካልሆነም ይወጣል። ኪቲዮኔ ግን የገዛ ዜማው ከሳጥን ውስጥ ሲወጣ የሰማው በሕይወቱ ገና ያኔ ነው። እጁ ወደ ራዲዮው ሄደ፤ ድምፁን ከፍ አደረገው።

የወጣችው እሷ ናት። ባሕሩ ሸሽቶ ስለነበር ዛጎል ልትለቅም ሩቅ ድረስ ገባች። ባሕሩ ተመለሰ፤ እሷ አልተመለሰችም።

«አሳፍሯት ነው» አለ መንደሩ። «ሐፍረት ዓይኗን ጋርዶት ነው ባሕሩን ያላየችው።» እሱም አልተከራከረም። ያን ቀን ያልተነሳውን በየምሽቱ መነሳት ጀመረ። ዜማ መጻፍም ተወ።

ዘንድሮ በግንቦት ለሚደረገው የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ኦፊሳ አዲስ መዝሙር ፈለገ። ድምፁ አልቋል፤ መዘምራኑን ለሌላ ሳያስረክብ መሞት አይፈልግም፤ ከኪቲዮኔ በቀር ደግሞ የሚያስረክበው የለም። ለመነው፣ ሰደበው፣ እንደገና ለመነው። ኪቲዮኔ በመጨረሻ ጠመኔ አንስቶ የመዘምራኑ ሰሌዳ ላይ ሦስት ድምፅ ጻፈ። የላይኛው መስመር፣ የእኛ የሴቶቹ፣ ባዶ ቀረ። የምንዘምረው የሌለን ሴቶች አፋችንን ዘግተን ወንዶቹን ስንሰማ ከረምን።

«በርጩማ በሦስት እግሩ ይቆማል» አለው ኦፊሳ። «መዝሙር ግን አይቆምም፣ አንተ ግትር።»

«አይሰማኝም።»

«አንተ? ትንኝ ስታልፍ በስንት ድምፅ እንዳለፈች የምትነግረን?»

እኛ ሴቶቹ ሳቅን። ኪቲዮኔ አልሳቀም።

«የላይኛውን ስፈልግ የምሰማው በር ነው» አለ።

ጉባኤው ሲቃረብ አክስቱ ቪካ ከከተማ መጣች። የአባት እኅት ናት፤ በወንድሟ ቤት ቃሏ አይመለስም። ሉሴአኔ ሻይ ቀዳች፤ እኔም ከጎረቤት ዓሣ ይዤ መጥቼ እዚያው ነበርኩ። በሩ ተንሲጠጠ። ኪቲዮኔ ኩባያውን አነሳ።

«ተቀመጥ» አለች ቪካ።

«አክስቴ፣ መነሳት አለብኝ።»

«መነሳት የነበረብህማ ያኔ ነው። አሁን እኔ ነኝ ተቀመጥ የምልህ። ለእሷ ስትል ልታከብረኝ አትፈልግም?»

ተቀመጠ። ሻዩ ጉልበቱ ላይ ፈሰሰ፤ አልጠረገውም። በሩን ያያል። እናቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ነፋሱ በሩን ደጋግሞ ከፍቶ ዘጋው። ቪካ ብቻ ዓሣዋን ትበላለች። በኋላ ኪቲዮኔ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ፤ ድምፅ የለውም።

በማግስቱ ሰሌዳው ላይ የላይኛው መስመር ሞልቶ አገኘነው። ስንዘምረው እንግዳ ነገር ነበረው፤ ከሌሎቹ ጋር አይሄድም፤ ከሁሉም በላይ ሆኖ፣ በሚሄድ ሰው እርምጃ ይርቃል። ጉባኤው ላይ ኦፊሳ ስናበቃ በትሩን ለኪቲዮኔ ሰጥቶ ተቀመጠ። ዛሬ መዘምራኑን የሚመራው እሱ ነው። አይደባደብም። በሩ ሲንሲጠጥ ግን፣ ቪካ ከሌለች፣ አሁንም ይነሳል።

ታሪኩን ልጽፍ ስጠይቀው ድብድቡን፣ ጀልባውን፣ ራዲዮውን ሁሉ ጻፊ አለኝ። ያ የላይኛው ድምፅ ከየት እንደመጣ ሲነግረኝ ግን ዙሪያውን አየ።

«ይህን ተዪው። እኔን ባለጌ ይበሉኝ፤ እሷን ግን አይበሏት።»

ሜሊያሜ ያን ቀን ቅርጫቷን ይዛ ስትወጣ አላፈረችም። ወንድሟ እየሰማት፣ ከፍቅር ዘፈኑ በላይ አድርጋ፣ እስክትርቅ ድረስ ያንን የላይኛውን ድምፅ ታንጎራጉር ነበር።