እሷን ማን ጠየቃት?

ወንድሜን እወደው ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ ያለውን ያነበበ ሰው «ጠላቱ ነበረች» እንዳይለኝ ነው። ብወደውም ግን የፊልሙ ነገር ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ፀጉሬ ነጥቶ እንኳን አልበረደልኝም።

ጊዜው ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው። ያኔ ደብረ ብርሃን ላይ ፊልም አየሁ የሚል ሰው አዲስ አበባ ደርሶ የመጣ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከአውቶቡስ ሲወርድ፣ ዘመድ ሳይስመው የሻይ ቤቱ ሰዎች ይይዙታል። እሑድ ከሰዓት በኋላ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ይሰበሰባሉ፤ አስተማሪው፣ ጸሐፊው፣ ነጋዴው። ያየው ሰው ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርክላቸዋል። ከዚያ ሙግት ይከፈታል። አንዱ ለጀግናው ጠበቃ ይቆማል፣ ሌላው ከሳሽ ይሆናል፣ ጋቢውን አጣፍቶ «በላ ልበልሃ» ይላል፣ ልክ እንደ ችሎት። የሙግቱ ዳኛ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የተረታ ሻይ ያጠጣል። ሽማግሌው አጥብቀው የያዙት ሕግም ነበራቸው፦ በሰው ቃል አይሟገቱም። ከሌላ የሰማውን የራሱ አስመስሎ ያመጣ ወዲያው ይረታል።

እኔ እዚያ አልቀመጥም። የቄስ ልጅ ነኝ። ሻይ ቤት የተቀመጠች ሴት ስሟ ከሰፈር ሰፈር ሲዞር ይከርማል። ወንድሜም የዚያው ቄስ ልጅ ነው፣ እሱ ግን ይቀመጣል።

አንድ ክረምት አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ሄጄ አንድ የህንድ ፊልም አየሁ። ጋሪ ነጂው የሀብታም ልጅ ይወዳል። «ሠርቼ እመጣለሁ፣ ጠብቂኝ» ብሏት ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል። ትጠብቀዋለች። እሱ አንድ ቃል እንኳን አይልክላትም። አባቷ ይሞታል፣ ቤታቸው ይፈርሳል፣ በመጨረሻ ሌላ ታገባለች። ሰውዬው ከብሮ ይመጣና በሰው ሁሉ ፊት «ከድተሽኛል፣ ግን ይቅር ብዬሻለሁ» ይላታል። ሲኒማ ቤቱ በሙሉ አለቀሰ። አክስቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ እኔ እጄን ጨብጬ ተቀምጬ ነበር። ስመለስም አውቶቡሱ ጫጫ ከተማ እስኪደርስ ድረስ ከሰውዬው ጋር በሆዴ ስሟገት ነበር።

ቤት ስደርስ ወንድሜ ስለ ፊልሙ ጠየቀኝ። ያንን ፊልም ሌላ ሰው ሻይ ቤት ተርኮላቸው ኖሮ፣ ሰዎቹ ሁሉ የጋሪ ነጂውን ደግነት አድንቀው ጨርሰዋል። እኔ ማድ ቤት የበግ ጠጉር እያባዘትኩ ንዴቴን ዘረገፍኩለት። «ይቅር ብያለሁ ይላል እንዴ? እሷን ማን ጠየቃት? ስትጠብቅ የኖረችው እሷ፣ ዝም ያለው እሱ። በየት በኩል ነው ይቅር ባዩ እሱ የሆነው?»

ወንድሜ ሳቀና ቁጡ ነሽ አለኝ። በሚቀጥለው እሑድ ያንኑ ቃሌን ሻይ ቤት ወስዶ ረታበት።

የሰማሁት ከሱ አይደለም፤ ቅዳሜ ገበያ ነው። ሁለት አስተማሪዎች በበግ ዋጋ እየተከራከሩ አንዱ «እሷን ማን ጠየቃት?» ሲል ሌላው በሳቅ ፈረሰ፣ የወንድሜንም ስም ጠርተው አደነቁት። እቤት ስይዘው «ያው እኔና አንቺ አንድ አይደለንም?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የተተረከለትን ፊልም ሁሉ ማድ ቤት ድረስ እያመጣ ምን ይመስልሻል ይለኝ ጀመር። እኔም ሞኝ፣ የሚሰማኝ ሰው አገኘሁ ብዬ እነግረዋለሁ። እኔ ማድ ቤት አስባለሁ፣ እሱ ሻይ ቤት ይረታል።

በኋላ አንድ ነጋዴ መኪና ሙሉ የሲኒማ ዕቃ አምጥቶ ያንኑ ፊልም ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ውስጥ አሳየ። ከተማው የበግ ጠጉር ባናውን ተከናንቦ መጣ። ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በሌላው ተቀመጥን፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን። ሲያልቅ ልብስ ሰፊው ተነሡና ሙግቱ ቀድሞ የተፈረደ መሆኑን ገልጸው፣ ይግባኝ የሚል ካለ ብለው ቀለዱ። እኔ ነጠላዬን አስተካክዬ ቆምኩ። ማድ ቤት ያልኩትን አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ።

ሽማግሌው አላቋረጡኝም። እስከ መጨረሻው ሰምተው «ልጄ፣ ነገርሽ ደግ ነው» አሉኝ። «ግን የወንድምሽ ነው። በሰው ቃል አይሟገቱም።»

አዳራሹ ሳቀ። ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም፣ ይበልጥ ያንገበገበኝም እሱ ነው። ዞሬ ወንድሜን አየሁት። አንዲት ቃል ከአፉ ብትወጣ ይበቃኝ ነበር። እሱ ጫማውን ይመለከታል። ሽማግሌው ጨመሩ፦ «የተረታ ሻይ ያጠጣል። እሷን ግን ይቅር ብለናታል።»

ከወንድሜ ጋር ወደ ቤት ስንሄድ ነፋሱ ፊት ይቆርጣል። «ጋሼ፣ ለምን ዝም አልህ?» አልኩት።

«ምን ልበል? እህቴ ናት የምትነግረኝ ልበል? ሰው ምን ይለኛል?»

ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ፊልም አንድ ቃል አልነገርኩትም። እሱም ሻይ ቤት መሄድ አበዛ፣ መሟገቱን ግን ተወ። ሰዎች ጨዋነት አድርገው ቆጠሩለት።

ወንድሜ የሞተ ጊዜ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ሊያጽናኑኝ ፈለጉ። ወንድሜ ምን የመሰለ አስተዋይ እንደነበረ፣ በወጣትነታቸው ስለ አንድ የህንድ ፊልም የተናገረው እስከ ዛሬ እንደማይረሳቸው አጫወቱኝ። «እሷን ማን ጠየቃት አለ እኮ» አሉኝ።

«እኔ ነኝ ያልኩት» አልኳቸው።

ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «አይዞሽ» አሉኝ፣ «ሐዘን ብዙ ያናግራል።»