የገደባ ሚካኤል ባትሪ

መዝሙርን ጎንደር የሚያውቀው በቁምጣው ነው። አራዳ ላይ ቆማችሁ «ያ ቁምጣ ለባሹ አስጎብኚ» ብትሉ ሊስትሮው ሳይቀር ይጠቁማችኋል። እኔ ስንዱ ግን የጉዞው ወጥ ሠሪ ነኝና፣ ከድንኳን ድንኳን አብሬው ስዞር ስለከረምሁ ገመናውንም አውቃለሁ። ደግ ነው። ሥራ አይለግምም። ለኔ እንኳ እንባውን እያፈሰሰ ሽንኩርት ይልጥልኛል። አንድ ክፉ አመል ግን አለበት፤ ማፈርን እንደ እባብ ይሸሻል። እስቲ አሁን ማፈርን የሸሸ ሰው ሳያፍር የቀረ የት አይታችኋል?

ጎንደር አጠገብ ያለችው የፀዳ ልጅ ነው። አባቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቄስ ነበሩ፤ ልጄ ቅኔ ይማርልኝ ብለው ገና በለጋነቱ ወገራ ላኩት፣ ገደባ ሚካኤል፣ የኔታ ተክለ ጊዮርጊስ ዘንድ። ድምፅ እንደሆነ ሰጥቶታል። የኔታ በበዓል ቀን ቅኔ ሲዘርፉ በዝግታ ይናገራሉ፤ ተቀባዩ ከአፋቸው እየተቀበለ ለሕዝቡ በዜማ ያሰማል። ተቀባያቸው መዝሙር ነበር። የኔታ ልጅ ስለሌላቸው ልጄ የሚሉት እሱን ነበር አሉ፤ ልብሱን አጥበው፣ ሲታመም አስታመው ነው ያሳደጉት።

አባቱ ሲሞቱ ለለቅሶ ጎንደር መጣ። «ከተዝካሩ በኋላ እመለሳለሁ» ብሎ ነበር የወጣው፤ ወጥቶ ቀረ። ብስክሌት ማከራየት ጀመረ፣ ከዚያ መጠገን፣ ከዚያ ቋንቋ ቢጤ ለቃቅሞ ፈረንጅ መምራት። መጀመሪያ ሥራ ያዘው፣ ቀጥሎ እፍረት ያዘው። አንዱን ዓመት ሳይሄድ ቀረ፤ በሚቀጥለው ዓመት «በምን ፊቴ?» አለ፤ በሦስተኛው ደግሞ የሁለቱ ዓመት እፍረት ተደመረበት። ከገደባ የሚመጣ ሰው አራዳ ላይ ካየ መንገድ ይቀይራል። በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሱቅ ውስጥ ገብቶ የማይገዛውን ጨርቅ ሲያስለካ!

ታዲያ መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን መሥሪያ ቤታችን በባትሪ የሚሄዱ ብስክሌቶች አስመጣ። ሲረግጡት ሞተሩ ያግዛል፣ ዳገቱን ሽቅብ ይገፋል፤ ግን ባትሪው ካለቀ ከበሬ ይከብዳል። ጉዞውም ተነደፈ፤ ከዳባት ተነስቶ በወገራ ደጋ ለደጋ፣ በኮሶዬ ገደል አፋፍ፣ ጎንደርን አቋርጦ ደምቢያን ወርዶ ጎርጎራ፣ ጣና ዳር። ከተራራ እስከ ሐይቅ መሆኑ ነው። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ሽበታም ባልና ሚስት ነበሩ። ሰውየው ጉልበቱን ያመዋል፤ ዳገት የሚያወጣው ባትሪው እንጂ እግሩ አይደለም። መሪው መዝሙር፣ ማኪናውን የሚነዳው ወንዴ፣ ድስቱ ጋ እኔ።

ስንነሳ ወንዴ «ጄኔሬተሩን እንጫነው» አለ። መዝሙር «ምን ያደርግልናል፣ ቦታ ይይዛል። አምባ ጊዮርጊስ መብራት አለ፣ እዚያ እንሞላለን» አለና አስቀረው። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ መብራት ከሄደ ሰንብቷል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ባትሪዎቹ እየተንጠፈጠፉ ወደ ማደሪያችን ቀጠልን። ማደሪያው የት መሰላችሁ? ገደባ። መሥሪያ ቤቱ የመረጠው የኅዳር ሚካኤል ንግሥ የሚውልበት ነው ብሎ ነው። መዝሙር «ሌላ ቦታ እንስፈር፣ እዚያ ነፋስ ይበዛል» ብሎ ሞክሮ ነበር። እንግዶቹ ግን ንግሡን ካላየን ብለው ችክ አሉ።

ድንኳን የተከልነው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር በታች ነው። ከድንኳናችን ሽቅብ የየኔታ ጎጆ ይታያል፤ ብንጣራ ይሰሙናል። መዝሙር ግን ጀርባውን ለጎጆዋ ሰጥቶ ጎማ ያጸዳ ጀመር፤ ጎማው ከጸዳም በኋላ ያጸዳል። እኔም ዝም ማለት አልሆነልኝም።

«አንተ፣ ሂድና ሳማቸው እንጂ! ያሳደጉህ ሰው አይደሉም?»

«ነገ እሄዳለሁ፣ እትዬ። በዚህ ቁምጣ ልሂድ?»

«ነጠላዬን ልስጥህ፣ አገልድመው።»

«ነገ አልሁሽ እኮ!»

ተቆጣኝ። እኔም «ድንች እየቀቀልሁ ስለ ሰው ነፍስ ምን አገባኝ» ብዬ ተውሁት።

ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ የፀሐይ መብራት አለ። የአገሩ ተወላጆች አዋጥተው የሰጡት ነው፤ ቀን የሰበሰበውን አንድ ትልቅ ባትሪ ውስጥ ያጠራቅማል፣ በበዓል ቀን ድምፅ ማጉያውን ያስጮሃል። ጠባቂው አያ ላቀው ናቸው፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከወገባቸው አይለይም። መዝሙር ጀምበር ስታዘቀዝቅ የብስክሌቶቹን ባትሪዎች ታቅፎ ሄደባቸው። እኔ ውኃ ልቀዳ ከኋላው ነበርሁ።

«አያ ላቀው፣ እነዚህን እዚህ ብሰካቸውስ?» አለ።

«ምነው ልጄ፣ የነገ ድምፅ ማጉያ በዚች እኮ ነው! የኔታ ድምፃቸው ደክሟል፣ አለሷ የሚሰማቸው የለም። እሳቸው ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ። ጠይቄያቸዋለሁ።»

አበስኩ ገበርኩ! በሚካኤል ደጅ፣ በዋዜማው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ! እንስራዬን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። አያ ላቀው ረጅም ጊዜ አዩት፣ ከዚያ በሩን ከፈቱለት። ሲወጣ እጁን ይዤ «ምን አድርገሃል?» አልሁት። «ትንሽ ብቻ ነው የሚወስዱት፤ የቀረውን ጧት ፀሐይ ትሞላዋለች» አለኝ። ፊቱን ሳየው ለኔ ሳይሆን ለራሱ ነው የሚነግረው።

ሌሊት ማሕሌት ሲቆም ድምፅ ማጉያው ሸጋ አድርጎ ያስተጋባ ነበር። ሊነጋ ሲል ግን ተንተፋተፈ፣ ጮኸ፣ ጠፋ። ጧት ደግሞ ፀሐይ የለችም፤ ጉም አገሩን ሁሉ አልብሶታል። እንግዶቹ ቁርስ ጠየቁ፣ እኔም ሥራዬ ነውና እንቁላል ጠብሼ አቀረብሁ። መዝሙር አብሯቸው ተቀመጠና በላ። የንግሥ ቀን፣ ታቦት ሳይወጣ! «አትበላም፣ ጾመህ ግባ» ልለው ነበር፤ ከምላሴ መለስሁት። እንደማይገባ አውቄያለሁ። ባትሪዎቹ ሙሉ ሆነው ብስክሌታቸው ላይ ተገጥመዋል። ሐሳቡ በልቶ ቶሎ መሄድ፣ ማምለጥ ነው። እንግዶቹ ግን ታቦቱን ሳናይ አንንቀሳቀስም አሉ።

እናም ወጣን። ታቦቱ ወጥቶ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሟል፣ ሕዝቡ ነጭ በነጭ ሆኗል። እኛ በር ላይ ቆምን። ገበዙ፣ ቄስ ዕንባቆም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ኃላፊ ናቸው፤ ቁጣቸው ደግሞ አይጣል ነው። አያ ላቀውን እዚያው በሩ ጥግ ይዘው ያፋጥጧቸዋል።

«የመንደሩን ሞባይል ሁሉ ስትሞላ አድረህ ነው አይደል? ለስንቱ ዘመድህ ሞላህ? ስንጠብቀው የከረምነውን ቀን አበላሸኸው! ከቅዳሴ በኋላ ቁልፉን ታስረክባለህ!»

አያ ላቀው መልስ አልሰጡም። ሽማግሌ ሰው፣ በልጅ ልጆቻቸው ፊት እየተሰደቡ፣ መሬት መሬት ያያሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብለው መዝሙርን አዩት። በክርኔ ጎሰምሁት።

«ተናገር!»

«ታቦት ቆሞ? በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት? ኋላ ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ።»

«ሰውየው በሕዝብ ፊት አይደለም እንዴ የሚዋረዱት?»

መዝሙር ፊቱን አዞረ። ጆሮው ደም መስሏል።

በዚህ መሐል የኔታ ተክለ ጊዮርጊስ በሰው እጅ እየተመሩ ወደ ታቦቱ ቀረቡ። ዓይናቸው ከከዳቸው ቆይቷል። ቅኔ ጀመሩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ ድምፃቸው በሩ ጋ አይደርስም። ተቀባዩም ሌሊቱን ሲያዜም አድሮ ጉሮሮው ተዘግቷል፤ ይስላል፣ ያቋርጣል። ከኋላ ያሉት ሴቶች «ምን አሉ? ምን አሉ?» ይባባላሉ። አንዷ አሮጊት «የዘንድሮውን ሳልሰማ ልቀር ነው፣ ለከርሞ ማን ያውቃል» ብላ አለቀሰች። የኔታ ቆም አሉና አጠገባቸው ላለው ደብተራ አንድ ነገር ነገሩት። ደብተራው ሕዝቡን እየሰነጠቀ ወደኛ መጣ።

«መዝሙር የምትባል አንተ ነህ? የኔታ ና ተቀበለኝ ብለውሃል።»

ሕዝቡ እንዳለ ዞሮ አየው። መምጣቱን ማን እንደነገራቸው እንጃ፤ ያን ጊዜ ማሰብም አልቻልሁ። ደስ አለኝ እንጂ። ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ ልሰጠው ዘረጋሁ። ድምፁን ሰምቼዋለሁ፣ መንገድ ላይ ብቻውን ሲሆን ያንጎራጉራል፤ ያን ግቢ ጠቅላላ ይሞላዋል። የበደለውን እንዲክስ አምላክ በር ከፈተለት ብዬ ነበር።

መዝሙር ነጠላውን አልተቀበለኝም።

«እህል ቀምሻለሁ» አለ።

ደብተራው አልሰማ ኖሮ «ምን አልህ?» አለው። ይኼን ደግሞ ማስደገም! ጮክ ብሎ ደገመው፤ «በልቻለሁ። እህል ቀምሻለሁ።» የቄስ ልጅ፣ የየኔታ ተቀባይ፣ በኅዳር ሚካኤል ጧት በልቶ መጣ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ያን እንቁላል የጠበሰች እጄን ልቆርጣት ወደድሁ። ደብተራው ተመልሶ ሲነግራቸው የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቅኔውን ለታቦቱ ብቻ እንደሚያወሩት አድርገው ጨረሱ። እልል ያለ አልነበረም፣ ማለቁን የሰማ የለምና።

ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ካህናቱና ሽማግሌዎቹ ደጀ ሰላም ገቡ፤ ዳቦና ጠላ ቀርቧል። እንግዶቹ ብስክሌታቸውን ይዘው መንገድ ላይ ቆሙ፣ ወንዴም ማኪናውን አስነሳ። መዝሙር ግን እግሩ እምቢ አለው። ደጀ ሰላሙ በር ላይ ይንቆራጠጣል፣ እኔ ከኋላው። ውስጥ ቄስ ዕንባቆም እጃቸውን ዘረጉና «ቁልፉን ወዲህ በል» አሉ። አያ ላቀው መቀነታቸውን መፍታት ጀመሩ። ቋጠሮው ጠብቆ አልፈታ አላቸው።

መዝሙር ይኼን መቻል አቃተው። ዘሎ ገባ።

«እኔ ነኝ!» አለ። «ባትሪውን የጨረስሁት እኔ ነኝ። አያ ላቀው ምንም የለባቸውም። የኔታ ፈቅደዋል ብዬ ዋሽቻቸው ነው።»

ዳቦ የሚቆርሰው እጅ እንኳ ቆመ። ቄስ ዕንባቆም አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ ከዚያ ሊወርዱበት ሲነሱ የኔታ ከመደባቸው ላይ እጃቸውን አነሱ።

«ተወው፣ ዕንባቆም። አውቃለሁ።»

«ምኑን ያውቃሉ፣ የኔታ?»

«ላቀው ማታውኑ መጥቶ ጠይቆኛል። ልጁ ፈቅደዋል ይላል፣ እውነት ነው ወይ አለኝ። ተው፣ ይውሰድ አልሁት። መንገደኛ ነው፣ እንግዳ ይዟል፣ አንሶት ነው። የኔን ቅኔ ሚካኤል ያለ ማጉያ ይሰማዋል። ዝም በል፣ ራሱ መጥቶ ይንገረኝ ያልሁትም እኔ ነኝ።» ወደ አያ ላቀው ዞሩ። «ለኔ ብለህ ተሰደብህ። ይቅር በለኝ።»

አያ ላቀው «ይፍቱኝ፣ የኔታ» ብለው ጉልበታቸው ላይ ወደቁ። እንግዲህ ያ ሁሉ ዝምታ ለካ ትእዛዝ ነበር። ዋሽቶ ያገኘው ነገር ቢጠይቅ የሚሰጠው ነበር።

መዝሙርም ተንበርክኮ «በደልሁ፣ የኔታ፣ ባትሪውን…» ሲል የኔታ አቋረጡት። ቁጣ የለባቸውም፤ ቢቆጡት በተሻለው።

«የባትሪውን ነገር ተው አልሁህ እኮ። ማታ ይመጣል ብዬ እራቴን ሳልበላ ጠበቅሁህ። ኮቴ በሰማሁ ቁጥር አንተ ትመስለኝ ነበር። መሶቡ እንደተከደነ አደረ።»

 መዝሙር ግንባሩን መሬት ላይ ደፍቶ፣ በዚያ ቁምጣው፣ በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት፣ ትከሻው እየተናጠ ቀረ። ውጭ ፈረንጆቹ ብስክሌታቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁታል፣ ባትሪያቸው ሙሉ ነው። ወንዴ ጥሩንባ ነፋ፣ ደግሞ ነፋ። «ጥሪው እንጂ» ብሎ በዓይኑ ጠቀሰኝ። እኔም አፈርሁ፣ አልጠራሁትም።