ለቅዳሜ የተቀጠረ መርዶ

ወንድሜ አዲስ አበባ በመኪና አደጋ የሞተው ማክሰኞ ነው፤ እናቴ እዚህ አሜሪካ እንድትሰማ የተወሰነው ግን ለቅዳሜ። ለምን? ሰው ሥራ አለዋ! አንዱ ኤርፖርት ነው፣ አንዷ ነርሲንግ ሆም አረጋውያን ትጦራለች፣ አንዱ ኡበር ይነዳል። መርዶ ደግሞ ሰው ተሰብስቦ በጠዋት ነው የሚነገረው። ስለዚህ ለሐዘኑም ኦፍ ቀን ተፈለገለት።

የወሰኑት የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። በስልክ "እስከ ቅዳሜ ትንፍሽ እንዳትል" አሉኝ። "ዋይፋዩንም ንቀለው። ፌስቡክ ላይ ፎቶውን ከሻማ ጋር ካየችው አለቀልን።"

ነቀልኩት። ቻምበርስ ሮድ ያለው አፓርታማችን ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን። "ኢንተርኔቱ ምን ሆነ?" ስትለኝ "ሰፈሩ በሙሉ ጠፍቷል" አልኳት። እሷ በስልክ ካርድ ለወንድሜ ትደውላለች፣ አይነሳም። "ይሄ ልጅ ስልኩን ሸጠው እንዴ?" ትላለች እየሳቀች። እኔ ሻወር ቤት ገብቼ ውሃ እከፍታለሁ።

ሐሙስ ሥራ ገባሁ። ዳውንታውን ዴንቨር አንድ የኮንሰርት አዳራሽ ውስጥ ሴኩሪቲ ነኝ። የዛን ቀን ከሰዓት ኦርኬስትራው ልምምድ ነበረው፤ እኔ የውስጡ በር ላይ ነኝ። ከዚህ በፊት ስንት ነገር ሲጫወቱ አንዱም ጆሮዬ ገብቶ አያውቅም፤ የካርቱን ሙዚቃ ነበር የሚመስለኝ። ይሄኛው ግን ሲጀምር ሙዚቃም አይመስልም። ቫዮሊኖቹ አንድ ድምፅ ላይ ሙጭጭ አሉ፣ ከሥር ከበሮው እንደ ከባድ መኪና ይንጓጓል፣ ከዛ መቶ የሚሆን ሰው ባንዴ በማላውቀው ቋንቋ ጮኸ። ፀጉሬ ቆመ።

ብሬክ ሲወጡ ከዘማሪዎቹ አንዷን፣ ፀጉራቸው ነጭ የሆነ ሴትዮ፣ "ምንድነው የምትሉት?" አልኳቸው።

"ላቲን ነው። ልጇ ተሰቅሎባት እናት መስቀሉ ሥር ታለቅሳለች። ግጥሙ የጥንት ነው፣ ሙዚቃው ግን አዲስ። የጻፈው ሰውዬ ያውልህ፣ ሳንድዊች የሚበላው።"

"በጥንት ጊዜ ከተለቀሰ አሁን ምን አዲስ ነገር ተገኘ?"

ሳቁ። "በየጊዜው አንዱ ይነሳና እንደገና ይጽፈዋል። እኔ ራሴ በሌላ ሰው ሙዚቃ ስንቴ ዘምሬዋለሁ።"

ለማያውቋት ሴት ማልቀስ! በሆዴ ሰደብኳቸው። ትኬት ተቆርጦ ለቅሶ፣ መጨረሻ ላይ ጭብጨባ። እኛ ጋ ስቅለት ቀን ጉልበትህ እስኪላጥ ትሰግዳለህ እንጂ ማን ያጨበጭባል?

ተመልሰው ጀመሩ። መሪው እያስቆመ እያስደገመ አንድ ቦታ ላይ ተጣበቁ። ሁሉም ዝም ይልና አንዲት ሴት ብቻዋን ድምጿን ወደ ላይ ታወጣዋለች። ጥያቄ ነው የሚመስለው። ኦርኬስትራው አሁን ይመልስላታል ስል አይመልስም። ሳንድዊች በላተኛው ሆን ብሎ ነው እንዲህ የጻፈው። "እንደገና" ይላል መሪው። እንደገና ትጠይቃለች፤ ያ ሁሉ ሰው መሣሪያውን ይዞ ዝም ይላታል።

ያን ጊዜ ነው ደሜ የፈላው። የኛም ሰው ሁሉ ያውቃል እኮ! ታች ያለችው ጎረቤት ታውቃለች፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ያውቃል፣ በርበሬ የምንገዛበት ባለሱቅ ሳይቀር ያውቃል። እናቴ ብቻ ትደውላለች። ያቺ የመስቀሉ ሥር እናት እንኳ በዓይኗ አይታለች፤ ዋይፋይ የነቀለባት የለም።

ለሱፐርቫይዘሬ አሞኛል ብዬ ወጣሁ። በኮልፋክስ መንገድ አውቶቡስ ላይ የምናገረውን ሳዘጋጅ ሳፈርስ ቤት ደረስኩ። እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። እኔን አየችኝ፤ ቀጥሎ ከኋላዬ ያለውን ኮሪደር አየችው።

"ሥራ የለህም?"

"እማ፣ እስቲ ቁጭ በይ።"

"ከማን ጋር ነው የመጣኸው?"

"ብቻዬን።"

"ሰዎቹስ?"

ማን እንደሞተ አልጠየቀችኝም። ሰዎቹን ነው የጠየቀችኝ። ወንድሜ ነው አልኳት። ቢላዋውን አስቀመጠች፣ ምድጃውን አጠፋች። አላለቀሰችም። ልይዛት ስጠጋ በሁለት እጇ ገፋችኝ።

"እንዲህ ነው እንዴ መርዶ? ባዶ ቤት? ሰው ጥራልኝ! ማን ይዞኝ ላልቅስ?"

እውነቱን ይዤላት የመጣሁ መስሎኝ ነበር። ጋሼ ጋ ደወልኩ። "አንተ ልጅ፣ ምላስህ አያርፍም?" ብለው ጮኹብኝ፤ ወዲያው ግን "መጣሁ" አሉ። ታች ያለችው ጎረቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ገና ከደረጃው "ወዮ ልጄን! ወዮ!" እያለች ስትገባ እናቴ ተለቀቀች። ጩኸቷ ግድግዳውን ነዘረው። የእድሩ ሰዎችም የሥራ ልብሳቸውን ሳያወልቁ መጡ፤ ሐሙስ ቀን፣ ከፈረቃቸው እየወጡ። ቤቱ ሞላ። እኔ ኮሪደር ላይ ለሚገባው መንገድ እየለቀቅኩ ቀረሁ።

ጋሼ እያለከለኩ ደረጃውን ወጡ። ሊሰድቡኝ አፋቸውን ከፈቱ፣ ፊቴን አዩና ተዉት።

"ለመሆኑ አንተን ማን አረዳህ?"

"ስልክ" አልኩ። "አክስቴ ደወለች፣ ሥራ ቦታ ምሳ እየበላሁ።"

"አጠገብህ ማን ነበረ?"

"ማንም።"

ኮፍያቸውን አወለቁ። ከኋላቸው የሚወጡትን ሁለት ሰዎች ጠርተው ግራና ቀኜን አስያዙኝ። ከዛ ጭራሽ መርዶውን ያልሰማሁ ይመስል ፊት ለፊቴ ቆሙ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "ወንድምህ አረፈ።"

ያን ጊዜ ጮህኩ።